ጥሩምባ ነፊው ያልሞቱባት ቅዳሜ

ረጅም መልእክት ጽፋችሁ፣ ሰው የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ አንብቦ የመለሰላችሁ ጊዜ አለ? «እንደምን አላችሁ፣ ስለ ነገው ጉዳይ ሦስት ነጥቦች አሉኝ» ብላችሁ ጀምራችሁ፣ ሦስቱንም ዘርዝራችሁ ስትጨርሱ «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» የሚል መልስ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ያጋጠመኝ ከዚህ የባሰ ነው። እኔ ረጅም መልእክት ጽፌ ድንኳን ተተከለ።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። አስተማሪ ነኝ፤ ቅደም ተከተል ከጠፋብኝ ጠመኔዬ የጠፋብኝ ያህል እጨነቃለሁ።

አዳማ ውስጥ ለዘጠነኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በየዓመቱ የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ «ጽሑፍ ማለት መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው ነው» ብዬ እጽፋለሁ። ከሥሩ ደግሞ በቀይ ጠመኔ «ፖስት ጽሑፍ አይደለም» እልና ሁለት ጊዜ አሰምርበታለሁ። ምክንያቱንም አብራራለሁ። ሰው ስልኩ ላይ በአውራ ጣቱ የሚለቀው ነገር እንደ ማስነጠስ ነው፤ ሳይታሰብ ይመጣል፣ አጠገብ ያለውን ይነካል፣ ያልፋል። ያስነጠሰ ሰው ደግሞ ንግግር አደረገ አይባልም። ይህችን ምሳሌ በጣም እወዳት ነበር። ለርእሰ መምህሩም ነግሬያቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ «ነፋስ» በሚል ርእስ አንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ አልኳቸው። የአዳማ ልጅ ስለ ነፋስ መጻፍ አይቸግረውም፤ ከሰዓት በኋላ አቧራው ሲነሣ ደብተሩን የሚገልጥለት ነፋሱ ራሱ ነው። ሁሉም አንድ ገጽ ሞልተው መጡ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ነፋስ ለሰው ልጅ በጣም አስፈላጊ ነገር ነው» ብለው ነው የጀመሩት። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ጽፋ ሰጠችኝ።

«ትናንት ነፋሱ የቤታችንን ቆርቆሮ ወሰደው። ዛሬ የሌላ ሰው አመጣልን።»

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ጽሑፍ ነዋ ቲቸር። ቴሌግራም ላይ ለጥፌው ሰው ሁሉ ወዶታል።»

«መግቢያው የታለ?»

«ነፋሱም ሲመጣ መግቢያ አልነበረውም።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከአሥር ሁለት ሰጠኋት፤ አንዱ ለቆርቆሮው፣ አንዱ ለድፍረቷ።

አሁን ወደ እድሩ ልምጣ። በተከራየሁበት ሰፈር እድር የገባሁት በሁለተኛው ወር ነው። ጸሐፊ የሆንኩት በሦስተኛው። ስብሰባ ላይ «ጸሐፊ ማን ይሁን?» ሲባል ሰዉ ሁሉ ድንገት ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ አዲስ ስለሆንኩ ቀና ብዬ ነበር። አከራዬ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው «አስተማሪ አለን እኮ!» አሉ፤ አለቀ።

የእድራችን ዳኛ ጠንካራ ሴት ናቸው። ድንኳን ሲተከል ካስማው የሚገባው በመዶሻው ሳይሆን እሳቸውን ፈርቶ ነው ይባላል። ጥሩምባ ነፊው ደግሞ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ሰው ሲሞት ማለዳ ይወጡና በየመታጠፊያው ሁለት ጊዜ ነፍተው በመሀሉ ይናገራሉ፦ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት። ፊት ለፊታቸው ያለው ቤት ማን እንደሚኖርበት እያዩ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ይለፍፋሉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው መታጠፊያ። እንዲህ ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል።

ዘንድሮ ግን ዳኛዋ «ጊዜው ተለውጧል» አሉ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሠሩት ወጣቶች ለማለዳው ፈረቃ ስለሚወጡ ጥሩምባውን አይሰሙም። ፎቅ ላይ የሚኖሩትም መስኮት ዘግተው ነው የሚተኙት። ስለዚህ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። ማስታወቂያ የምጽፈው እኔ ሆንኩ። ጥሩምባው ደግሞ ከድስቱና ከአግዳሚ ወንበሩ ጋር የእድሩ መጋዘን እንዲገባ፣ ለአባባም እሁድ በስብሰባ ምስጋናና አንድ ጋቢ እንዲሰጣቸው ኮሚቴው ወሰነ።

ሐሙስ ከሰዓት አባባ ቤቴ ድረስ መጡ።

«አካም ጅርታ፣ ጸሐፊው» አሉኝ።

«ደህና ነኝ አባባ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«እኔማ ልትቀብሩኝ ነው። ጥሩምባዬ መጋዘን ከገባ እኔ ምን ቀረኝ? ማለዳ ተነሥቼ ምን ልሁን?» ስልኬን በአገጫቸው አመለከቱ። «ይህች ናት የቀማችኝ? ለመሆኑ ድምፅ አላት?»

«አላት። መልእክት ሲገባ ‹ጢን› ትላለች።»

«ጢን!» አሉ፤ ስልኬን ተቀብለው አገላበጧት። «በጢን ሰው ይቀበራል?»

አሳዘኑኝ። ደንቡን አስረዳኋቸው፤ እሁድ አባሉ በርከት ብሎ ከመጣና ከተቃወመ የኮሚቴው ውሳኔ ይሻራል። ሰው ካልመጣ ግን ውሳኔው ይጸናል፤ ጥሩምባው መጋዘን ይገባል።

«እንግዲያው ሰው የሚያመጣ ነገር ጻፍልኝ» አሉ።

«እጽፍልዎታለሁ። ያማረ ነገር ነው የምጽፈው።»

«ያማረውን ተወው፣ አሳጥረው። የሰው ጆሮ ከአንድ ትንፋሽ በላይ አይችልም።»

ፈገግ አልኩ። አስተማሪ ተማሪው ሲሳሳት ፈገግ የሚላት ፈገግታ አለች፤ እሷን ነው ያሳየኋቸው።

አርብ ከሥራ መልስ ተቀምጬ ጻፍኩ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቃላት ወጣው። መግቢያው ስለ አባባ ደግነት ነው። ሐተታው የጥሩምባን ጥቅም በሦስት ንዑስ ርእሶች ይተነትናል። መደምደሚያው እሁድ ጠዋት በሦስት ሰዓት ስብሰባ መኖሩን ይገልጻል። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አባባ ጋቢ ለብሰው የተነሡትን ፎቶ ከላይ አድርጌ፣ ለጌጥ አንድ ጽጌረዳ ጨምሬ፣ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ ማካካሻ ትምህርት ስለነበረኝ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ክፍል ውስጥ ስልክ ማጥፋት ግዴታ ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ የእኔም ይጠፋል።

እኩለ ቀን ላይ ስከፍተው ዘጠና አራት መልእክት ገብቷል። ልቤ በደስታ ዘለለች። አነበቡት! እስከ ዛሬ የምለጥፈውን ማስታወቂያ አንብቦ መልስ የሰጠኝ አከራዬ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ጣታቸው ተሳስቶ ነው። እየጓጓሁ ማንበብ ጀመርኩ።

«ወይኔ አባባን!» «ነፍስ ይማር።» «ነፍስ ይማር።» «እግዚአብሔር ያጥናን።» የሚያለቅስ ፊት። ሁለት የሚያለቅሱ ፊቶች። «ነፍስ ይማር።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን ሳይሆን ብስጭት ነው። ሌላ ሰው ሞቶ፣ ሐዘናቸውን በእኔ ጽሑፍ ሥር እየጻፉ ነው ብዬ አሰብኩ። ምን ዓይነት ሥርዓት አልባነት ነው? ወዲያው እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «ለደረሰው ሐዘን መጽናናትን እመኛለሁ። ሆኖም አስተያየታችሁ ከተለጠፈው ጽሑፍ ጋር የተያያዘ ቢሆን መልካም ነው።» ቀጥዬ «ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?» ብዬ ጠየቅኩ።

ልብስ ፋብሪካ የሚሠራ አንድ የሰፈራችን ወጣት ወዲያው መለሰልኝ። መልሱ የራሴ ጽሑፍ ነበር። መልሶ ልኮልኝ ከሥሩ «ጸሐፊ ሆነህ አታነብም እንዴ?» ብሏል።

ያኔ ነው የገባኝ። ስልክ ረጅም ጽሑፍን ሙሉውን አያሳይም፤ መግቢያውን ብቻ አሳይቶ የቀረውን ይደብቃል። ሰዉ ያየው ይህንን ነው፦ «ለሠላሳ ዓመታት ሰፈራችንን ያለ መታከት ያገለገሉ፣ ስንቱን ወዳጅ ዘመድ በክብር የሸኙ፣ ሰው አክባሪ፣ ቅንና ደግ አባታችን ጥሩምባ ነፊው…»

ጥፋቴን በዝርዝር ላስቀምጠው። የእድር ግሩፕ ላይ የሰው ፎቶ ለጥፌአለሁ። ፎቶው ላይ አበባ ጨምሬአለሁ። ከሁሉም የከፋው ግን አመስግኛቸዋለሁ። በእኛ ሰፈር ሰው በሕይወት እያለ አይመሰገንም። በሕይወት ያለ ሰው «አንተ ደግሞ መጣህ?» ነው የሚባለው። ምስጋና የሚወጣው ከጥቁር ነጠላ ጋር ነው።

ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

«የት ነው?» አለ ሹፌሩ።

«ለቅሶ ቤት። ቶሎ በል።»

«ውይ! ማን ሞተባችሁ?»

«ማንም።»

በመስታወቱ አየኝና ፍጥነቱን ቀነሰ።

ስደርስ ድንኳኑ በአባባ በር ላይ ቆሟል። አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሯል። ሴቶች ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ትልቁ ድስት ተጥዷል። ሽማግሌዎቹ ደረታቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። የአባባ ቤት በውጭ ተቆልፏል፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ስልክ ደግሞ የላቸውም።

«አስከሬኑ የት ነው?» ይላል አንዱ በሹክሹክታ።

«ጽሑፉ ውስጥ በዝርዝር አለ መሰለኝ።»

«አንብበኸዋል?»

«ረጅም ነው።»

ዳኛዋ መዶሻ ይዘው የመጨረሻውን ካስማ ይመታሉ።

«እትዬ፣ አባባ አልሞቱም!» አልኳቸው።

«ማን አለ?»

«እኔ።»

«ሞቱ ያልከው አንተ አይደለህ?»

«ሞቱ አላልኩም! አመሰገንኳቸው እንጂ!»

«በሕይወት ያለ ሰው ምን አድርጎ ነው የሚመሰገነው?»

«እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ ስለ ነገው ስብሰባ ነው።»

«ድንኳን ልትከል ወይስ ቁጭ ብዬ ላንብብ?» አሉና መዶሻውን አነሡ። ካስማው ገባ። እኔም አንድ እርምጃ ወደኋላ ገባሁ።

በዚህ መሀል የአባባ ልጅ ከመቂ ደረሰች። ሽንኩርት ለቅመው ጆንያ ከሚሞሉት ሴቶች ጋር ነው የምትሠራው። ጽሑፌን አንድ የሰፈር ሰው ልኮላት፣ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ የሽንኩርት አይሱዙ ተሳፍራ ሞጆ ወርዳ፣ ከዚያ በሚኒባስ መጥታለች። ከላይ እስከ ታች ሽንኩርት ሽንኩርት ትላለች። አጠገቧ የደረሰ ሰው ሁሉ ዓይኑ ያነባል፤ ከሐዘን ይሁን ከሽንኩርቱ መለየት አልተቻለም። እኔም አነባሁ። ጸሐፊው መሆኔን ሲነግሯት እላዬ ላይ ወደቀች።

«ወንድሜ፣ አባቴ ምን ብሎ ሞተ?»

«እህቴ፣ አልሞቱም። ነገ ስብሰባ አለባቸው።»

ቀና ብላ በርኅራኄ አየችኝ። «ይሄም ልጅ እንዴት ይወደው ነበር!» ብላ ባሰባት።

አባባ የመጡት ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ለካ ማለዳ ደራ ገበያ ሄደው ነበር። ለእሁዱ ስብሰባ የዳኛዋን ልብ የሚያራራ ዶሮ አዳማ አይገኝም ብለው። ዶሮዋን ብብታቸው ሥር አድርገው ከመታጠፊያው ብቅ ሲሉ መጀመሪያ ድንኳኑን አዩት። ዓይናቸው ቀላ።

«ማን ነው የሞተው?» ብለው ጮኹ።

አንዷ ሴት ማማሰያዋን ወረወረች። ሽማግሌዎቹ ተነሡ፤ ሁለቱ አግዳሚው ሥር ሊገቡ ሞክረው አልበቃቸውም።

«እኔ ሳልነፋ ማን ነው የሞተው? ገና እሁድ ሳይደርስ ሥራዬን ቀማችሁኝ? ማን ነው እሱ፣ ትንሽ ሳይታገሥ የሞተው?»

በመጨረሻ ልጃቸው ከመሬት ተነሥታ፣ አንዴ ድንኳኑን አንዴ እሳቸውን እያየች፣ «አባዬ… አንተ ነህ» አለች።

አባባ ትንሽ አሰቡበት። «እኔ ነኝ?» አሉ። «ታዲያ ለምን አልተነገረኝም?»

ልጃቸው እየሳቀችም እያለቀሰችም አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እሷን በቀስታ ወደ ጎን አደረጓትና ዶሮዋን ለእኔ ሰጥተውኝ፣ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ገቡ። ጥሩምባቸውን ይዘው ወጡ። ሁለት ጊዜ ነፉ።

«ስሙ! ጥሩምባ ነፊው አልሞተም! ወጡ ከደረሰ ብሉ! ነገ በሦስት ሰዓት ስብሰባ!»

ዞር ብለው ያንኑ በኦሮምኛ ደገሙት። ከዚያ ወደሚቀጥለው መታጠፊያ ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ ከሩቅ «አልሞተም!» ሲሉ፣ ከየግቢው ደግሞ እልልታ ሲመልስላቸው ሰማን።

እኔ ዶሮ ታቅፌ ቆሜአለሁ። ግሩፑ ላይ ማረሚያ መጻፍ ነበረብኝ፤ «ነፍስ ይማር» የሚሉት ገና እየገቡ ነው። ዶሮዋ ግን ጠንካራ ናት። አንዱን እጄን ሙሉ በሙሉ ትፈልገዋለች፤ ልቀቀኝ እያለች ሰዓቴን ትነቁራለች። በቀረችኝ አንድ አውራ ጣት እንዲህ ብቻ ጻፍኩ፦

«አባባ አልሞቱም። ነገ በሦስት ሰዓት ኑና እዩአቸው።»

ዶሮዋ ባትኖር ኖሮ፣ እውነቱን ልናገር፣ መግቢያ እጽፍ ነበር።

እሁድ ጠዋት አዳራሹ አልበቃ ብሎ ሰው በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ተሰበሰበ። አንዳንዶቹ ለጥሩምባው ብለው መጡ። ብዙዎቹ ግን ሞቶ የተነሣ ሰው ለማየት ነው የመጡት፤ ለደንቡ ልዩነት የለውም፣ ቆጥሬአቸዋለሁ። ዳኛዋ ውሳኔውን አነበቡ። አባባ ተነሡ፣ አየር ሳቡ።

«ትናንት ስልካችሁ ገደለኝ፣ ጥሩምባዬ አስነሣኝ። ላስረክብ?»

«አይሰጥም!» አለ አዳራሹ። ከሁሉ በላይ የጮኸችው ልጃቸው ናት፤ አባል እንኳ አይደለችም።

ጥሩምባው ቀረላቸው። ግሩፑም አልተዘጋም፤ የፈረቃ ሠራተኞቹን ማን ያስታውሳቸው? ነገር ግን ዳኛዋ አዲስ ደንብ አስጨመሩ። ማንኛውም ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት አባባ ፊት ይነበባል። እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ሊናገሩት ካልቻሉ አይወጣም። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ እንሠራለን። እኔ ረቂቄን አነባለሁ፣ አባባ ተቀብለው ይናገሩታል። ትንፋሻቸው ሲያልቅ እጃቸውን ያወርዳሉ። የተረፈው ይሰረዛል። የድንኳን እጥበት ማስታወቂያ አሥራ አንድ ጊዜ አስጻፉኝ።

«‹በታላቅ አክብሮት› የሚለውን አውጣው።»

«አባባ፣ አክብሮት ያስፈልጋል እኮ።»

«ሲመጡ ተነሥተህ ወንበር ትለቅላቸዋለህ። እሱ ነው አክብሮት።»

አወጣሁት። በመጨረሻ ዘጠኝ ቃል ቀረ። ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ ይልቅ ያደከሙኝ ዘጠኙ ናቸው። ድንኳኑ ግን ታጠበ፤ ባልዲ ይዞ ያልመጣ አልነበረም።

እንግዲህ ፖስት ጽሑፍ ነው ወይስ አይደለም? ሁሉም ነው አልልም። ስልኬ ላይ የማየው አብዛኛው አሁንም ማስነጠስ ነው፤ ምሳሌዬን ጨርሼ አልጣልኳትም። ግን ረጅም ሆኖም ማስነጠስ ይቻላል። እኔ ራሴ በሦስት ንዑስ ርእስ አስነጥሼ ሰፈሩን ለቅሶ አስቀምጫለሁ። አንድን ነገር አሥራ አንድ ጊዜ አስቦበት፣ ሰው ሰምቶት ከቤቱ የሚወጣለትን ቃል መርጦ ያስቀመጠ ሰው ጽፏል። ስልክ ላይ ይሁን ሰሌዳ ላይ ለውጥ የለውም። ቀዩን መስመር ከሰሌዳው አጠፋሁት።

የተማሪዬንም ወረቀት አልረሳሁም። የቆርቆሮውን ነገር አባባ ፊት አነበብኩት። ተቀብለው ተናገሩት። መጨረሻው ላይ ሲስቁ ትንፋሻቸውም አብሮ አለቀ። «ይህች ልጅ ጥሩምባ መንፋት ትችላለች» አሉ። በማግሥቱ ከአሥር ዘጠኝ አድርጌ መለስኩላት።

«አንዷ የት ሄደች ቲቸር?»

«ነፋስ ወሰዳት። ጠብቂ፣ የሌላ ሰው ያመጣልሻል።»

አሁን ተራው የእናንተ ነው። በዚህ ሳምንት ለሰው ከላካችሁት መልእክት ሁሉ ረጅሙን አውጡ። በራችሁ ላይ ቁሙ፣ አየር ሳቡ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ትንፋሻችሁ ያለቀበት ላይ አቁሙና የቀረውን አጥፉት። ጎረቤት ደንግጦ ወጥቶ «ማን ሞተ?» ቢላችሁ «ማንም» በሉት። ከዚያ የተረፈችውን እንደገና ጻፏትና ላኳት። አልሆንላችሁ ካለ ግን አንድ እጃችሁን ዶሮ አስይዙት፤ በእኔ ሠርቷል።